በጉያዋ የያዘችው ብልቃጥ

ልብስ ሰፊዋ ከማደንዘዣው እንደነቃች ስንት እንደተገኘ ጠየቀች። ነርሷ አሥራ አራት እንቁላል ወጥቶልሻል ስትላት ዓይኗ እንባ አቀረረ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሆዷን በመርፌ የወጋችው ራሷ ናት። ባሏ መርፌ ካየ ፊቱን ያዞራል፤ እሷም መርፌና እኔማ አብሮ አደግ ነን እያለች ስታሾፍበት ሰንብታለች። ዛሬ እንቁላሎቿ ከባሏ ዘር ጋር በላቦራቶሪ ይገናኛሉ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ ጽንሱ ወደ ማህፀኗ ይገባል። ለዚች ቀን አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቃለች።

አማቷ ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ግን ምላሳቸው አያርፍም። ልጃቸው በመካን ሴት ዕድሜውን መጨረሱን ለጎረቤት ያልነገሩበት ቀን የለም። እሷም መካን መሆኗን አምና ተቀብላ፣ ባሏን ስታመሰግን ነው የኖረችው። ሌላ ወንድ ቢሆን በሁለተኛው ዓመት አሽቀንጥሮ ይጥለኝ ነበር ትላለች።

ሐኪሟ ወረቀት ይዛ ገባች፤ ባል ከኋላዋ ነበር። ቆማ ማውራት የምትወደው ሐኪም ዛሬ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ባለቤትሽ ዛሬ ከሰጠን ናሙና አንድም የዘር ሕዋስ አላገኘንም። ሦስት ጊዜ አየነው። የዛሬ አምስት ወር ያመጣችሁት ግን እንከን አልነበረውም።"

ሐኪሟ በመካከሉ ታሞ ወይም ቀዶ ጥገና አድርጎ እንደሆነ ባልን ጠየቀችው። አልታመመም። ለመጀመሪያው ምርመራ ናሙናውን ከቤት ማምጣት ይፈቀዳል፤ ሳይቀዘቅዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ ብቻ ነው ያለበት። ዛሬ ግን መታወቂያ አሳይቶ እዚያው መስጠት ግዴታ ነበር። ባል ከቤት ላምጣ ብሎ ጠዋት በናሙና መቀበያው መስኮት በኩል ሲሟገት ልብስ ሰፊዋ አፍሮ መስሏት በሆዷ ስቃበት ነበር።

"የያኔው የእኔ አልነበረም" አለ ባል፣ ወለሉን እያየ። "የወንድሜ ነበር።"

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ያን ቀን የናሙናውን ብልቃጥ በር ላይ ያቀበላት ባሏ ነው። ነርሷ በሰውነትሽ ሙቀት ያዢው ስላለቻት ከሁለት ሹራብ ሥር ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ፣ ታክሲው ሲንገጫገጭ በእጇ ደግፋ፣ እስኪደርሱ ድረስ እየጸለየችለት ነበር የሄደችው። ማታ ደግሞ ዋርሳዋ፣ ያው የባሏ ወንድም፣ እቤቷ ራት በልቶ፣ እጅሽ ይባረክ ብሏት ሄደ። አንሶላውን አንስታ ደረቷን ጠረገች። የሚጠረግ ነገር እንደሌለ ታውቃለች፤ እጇ ግን አልቆመም።

"ዘር እንደሌለህ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ሰባት ዓመት ሆኖኛል።"

ከሰባት ዓመት በፊት አማቷ ፍታት ብለው የተነሡበት ዓመት ነው። ጉልበቱ ላይ ወድቃ ስታለቅስ፣ አይዞሽ አልተውሽም ብሎ አነሣት። ያን ጊዜ የምርመራው ውጤት ኪሱ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ያኔ የሳመችው ጉልበት አሁን ፊቷ ተገትሯል።

እሱ ግን አልጨረሰም። ዛሬም ከቤት የሚያመጣ መስሎት እንደነበር፣ ልጁ እሱን መምሰሉ እንደማይቀር፣ እሷም ሳትሰማ ደስ ብሏት ትኖር እንደነበር ቀስ እያለ አስረዳ።

"ደም ያው ደም ነው። አሁንም ልደውልለት፤ ቅርብ ነው ያለው።"

ሐኪሟ በቁጣ፣ ያለ ሚስትህ ፊርማ ማንም ምንም አይነካም አለችው። ከዚያ ወደ እሷ ዞራ ሌላ መንገድ እንዳለ ነገረቻት። ከራሱ ከባሏ የዘር ፍሬ በቀጭን መርፌ ተወስዶ ሲፈለግ አንዳንዴ ጥቂት ዘር ይገኛል፤ ለአንድ እንቁላል ደግሞ አንድ ዘር ይበቃል። እስከዚያ እንቁላሎቹ ቀዝቅዘው ለዓመታት ይቀመጣሉ። መርፌ ሲባል የባል ግንባር በላብ ተነከረ።

"ይቀመጡልኝ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "በእኔ ስም ብቻ።"

ቅጹን ተቀብላ ፈረመች። ባል ቀረብ አለ።

"እሺ፣ እወጋለሁ። ዛሬውኑ እወጋለሁ።"

"መርፌው ይቆይ። መጀመሪያ ለእናትህ ንገራቸው። ውጭ ተቀምጠዋል።"

ፊቱ መርፌ ሲባል ከሆነው ይልቅ አመድ መሰለ። ሐኪሟን አየ፤ ሐኪሟ ወረቀቷን አየች። እግሩን እየጎተተ ሄዶ በሩን ከፈተ። ኮሪደሩ ላይ አማቷ ከወንበራቸው ሲነሡ ተሰማ።

"ምነው ቆያችሁ? ዛሬም በእሷ ነው?"

ባል የበሩን እጀታ አልለቀቀም።

"በእኔ ነው እማዬ" አለ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

"ምን አልክ ልጄ?"

ልብስ ሰፊዋ በክርኗ ተደግፋ ከአልጋዋ ቀና አለች።

"ጮክ በል" አለችው።