ሦስተኛው ጥሪ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሳይረን» ይሉኛል። ፊት ለፊቴ አይሉኝም፤ ግን ሰምቻለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአውሮፕላን መሳፈሪያው በር ላይ ማይክ ይዤ የዘገየ ሰው ስም ስጠራ ኖሬ፣ ድምፄ የአደጋ ጊዜ ጩኸት ሆኖ ቀረ። ቤት ገብቼ ልጆቼን ለእራት ስጠራ «የመጨረሻ ጥሪ ነው፣ ተነሡ» እየተባባሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ እንደሆንኩ የዘገየ ተሳፋሪ አልወድም። መቶ ስልሳ ሰው ቀበቶውን አስሮ ተቀምጦ፣ አንድ ሰው ሱቅ ውስጥ ሽቶ እያሸተተ ሲጠበቅ ደሜ ይፈላል። የቢዝነስ ተሳፋሪ ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል። ወንበሩ እንደ አልጋ ስለሚዘረጋለት አውሮፕላኑም የራሱ ይመስለዋል።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ተመዝግቦ በሩ ላይ ያልደረሰ ሰው ሦስት ጊዜ በስሙ ይጠራል። ከሦስተኛው ጥሪ በኋላ ሁለት ደቂቃ ይጠበቅና ይሰረዛል፤ ወንበሩም በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ላለ ሰው ይሰጣል። ሕፃን ግን የራሱ ወንበር የለውም። ከአንድ ትልቅ ሰው ቲኬት ጋር ይያያዛል። ሰውየው ከገባ ይገባል፣ ሰውየው ከቀረም ይቀራል።

የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ ሁሉም ገብቶ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዝርዝሩን ሳየው አንዲት ሴት ጎደለች። የቢዝነስ ተሳፋሪ ናት፤ ቦታዋም ከሁሉ የተሻለው፣ ፊተኛው ረድፍ፣ የሕፃን አልጋ የሚሰቀልበት ግድግዳ ፊት ለፊት። በዚያ ክፍል የሕፃን አልጋ የሚሰቀለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ሰው ከወራት በፊት ነው የሚሻማበት። ሕፃን ተያይዞላታል። አጠገቧ መስኮቱ ጋ ባሏ ተመድቧል።

ባልየው መጥቶ ነበር። ሕፃኗን ታቅፎ ቀደም ብሎ በሩ ላይ ሲደርስ የመሳፈሪያ ወረቀቱን የሚያነበው ማሽን ቀይ አበራበት። በሩ ላይ የቆመው ባልደረባዬ «ወንድሜ፣ ልጅቷ በእናቷ ቲኬት ላይ ናት ያለችው። እናቷ ሲመጡ አብራችሁ ትገባላችሁ፤ እስከዚያ እዚያ አረፍ ይበሉ» አለው። «እሺ» አለና እኔ ጠረጴዛ ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ምንም አልጠየቀም፣ አልተከራከረም። ልጅቷ ቢጫ ኮፍያ አድርጋ ተኝታለች። ሁለት ወር አይሞላትም።

የመጀመሪያውን ጥሪ በወጉ ጠራሁ። ስሟን ከነአባቷ ስም ተናገርኩ፣ «በአስቸኳይ ወደ መሳፈሪያው በር እንዲቀርቡ በትህትና እንጠይቃለን» አልኩ። ሰውየው ቀና ብሎ ወደ መተላለፊያው አየ። መጣች ማለት ነው ብዬ እኔም አየሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጋሪዋን እየገፋች አለፈች እንጂ ማንም የለም።

አጠገቤ ደግሞ ባለ ካርዱ ቆሟል። በየሳምንቱ የሚበር ደንበኛችን ነው፤ የደንበኝነት ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ባዶ የቢዝነስ ወንበር ይጠብቃል። «ካልመጣች ለእኔ ነው አይደል?» አለኝ። በዝርዝሩ የመጀመሪያው እሱ ነው። «ትንሽ ይታገሡ» አልኩት።

ወደ ባልየው ዞርኩ። «ባለቤትዎ የት ሄደው ነው?» ልጅቷን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «ይደውሉላቸው እንጂ። ስልክ የላቸውም እንዴ?» ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። ተጣልተው ይሆናል አልኩ በልቤ፤ ወይም ሰውየው ፈዛዛ ነው። ይኸው እንደዚያ ነው ያልኩት፤ አልዋሽም።

ሁለተኛውን ስጠራ ድምፄ ተለወጠ። ስሟን ረገጥ አድርጌ ተናገርኩ። «በእርስዎ ምክንያት መንገደኞች እየተጠበቁ ነው» ብዬም ጨመርኩበት። ይህ ከሕጉ ውጪ ነው፣ ግን እላለሁ፤ ዐሥር ጊዜ አስጠንቅቀውኝ ዐሥር ጊዜ ብያለሁ። ሰውየው እንደገና ቀና ብሎ መተላለፊያውን አየ።

አለቃዬ መጡ። «አቶ ደቂቃ» ነው የምንላቸው፤ ከአፋቸው ሌላ ነገር አይወጣም። «አሥራ አራት ደቂቃ» አሉ ሰዓታቸውን እያዩ። «ሰውዬውን አነጋግሪውና ጨርሺ።»

ባልየውን ጠራሁት። ልጅቷን እንደታቀፈ ጠረጴዛው ጋ መጣ። «ይስሙኝ» አልኩት፣ «አንድ ጥሪ ነው የቀራቸው። ካልመጡ እሰርዛቸዋለሁ።» እንደማልቀልድ እንዲያውቅ የመሰረዣውን ገጽ ከፈትኩና የኮምፒውተሩን ማያ ወደ እሱ አዞርኩት። ጽሑፉ መጣ። «ይህን ተሳፋሪ ከሰረዙ ሕፃኑም አብሮ ይሰረዛል። ይቀጥሉ?»

ሰውየው አነበበው። «ይኸው ነው» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለማያው የሚናገር ይመስል። «ትናንትም ይኸው ነው የመጣብኝ።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«እናቷ አትመጣም። ከሞተች ስድስት ሳምንቷ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለት ጊዜ ጠርቻታለሁ። ሁለተኛውን ተቆጥቼ። ይደውሉላቸው ብዬዋለሁ። ባለ ካርዱ እንኳ ካርዱን ማንኳኳት አቆመ።

ሰውየው አንዴ ከጀመረ በኋላ ቀስ እያለ ተናገረ። መነፅር ሠሪ ነው። ሚስቱ በበረራ ሁሉ ኋላ እየተቀመጠች፣ ከመጋረጃው ወዲያ ምን እንዳለ ሳላይ አልሞትም እያለች ትቀልድ ነበር። እርጉዝ ሳለች ቲኬቱን ገዛላት፤ ከወለደች በኋላ ጀርባዋን አሳርፋ፣ ልጇን ግድግዳው ላይ አስተኝታ ወደ እናቷ እንድትሄድ። ወንበሮቹን የመረጠችው እሷ ናት። «አንተ መስኮቱ ጋ፤ እኔ ከልጄ ጋር» አለችው።

«በወለደች በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ተኝታ ልጅቷን በስልኳ ቲኬቷ ላይ አስገባቻት» አለኝ። «'በእኔ ላይ አድርጌያታለሁ፣ አንተ እንዳትነካካው፣ ታበላሸዋለህ' አለችኝ። በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ትናንት በስልኬ ልሰርዛት ተቀመጥኩ። ይሄ ጽሑፍ መጣ። ልጅቷም አብራ ትጠፋለች ይላል። እጄ እምቢ አለኝ። ሁላችንንም መዝግቤ ተነሣሁ። ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ ስትጠይቁኝ ደግሞ አፌ አልከፈት አለኝ። እስከ ዛሬ በራሴ አፍ ተናግሬው አላውቅም። ሌሎች ናቸው ሲናገሩልኝ የቆዩት።»

«የባለቤትዎ እናትስ?» አልኩት።

«እግራቸው አይራመድም። ለቀብሯም አልደረሱም። ልጅቷን አላዩም። ዛሬ ከሰዓት እጅዎ ላይ አኖራታለሁ ብያቸዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ በር ከፍተው ተቀምጠዋል።»

የሚቀጥለው በረራ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ማዘን ብቻውን ለልጅቷ አይጠቅማትም፤ ከእናቷ ላይ ተነሥታ ወደ አባቷ ካልዞረች ማሽኑ አያስገባትም። ማዞር ደግሞ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ዋናውን ቢሮ ደወልኩ።

ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ ድምፅ ቀዝቃዛ ነበር። «ዝውውር ከበረራው ሁለት ሰዓት በፊት ነው። አሁን ተቆልፏል።»

«ክፈቺው።»

«አልችልም እኮ፣ ሕጉ ነው።»

«ሕጉን ለእኔ ነው የምታስተምሪኝ? አንቺ ሳትወለጂ...» ብዬ ጀመርኩ። ሰውየው ሲያየኝ አየሁት። ልጅቷ በኮፍያዋ ውስጥ ፊቷን ጨምደድ አደረገች። የራሴ ድምፅ አስጠላኝ። ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁና ልጆቼን በማስተኛበት ድምፅ፣ «የኔ እህት» አልኳት፣ «የሕፃኗ እናት ሞታለች። አባቷ አጠገቤ ቆሟል።»

የኮምፒውተር ቁልፎች ሲነኩ ሰማሁ። «አሁን ሞክሪው» አለችኝ። ቀጥላም «አይዟችሁ በይልኝ» አለች።

ሞከርኩት። ልጅቷ ከአባቷ ስም ሥር ገባች፣ አልጋዋም አብሯት ዞረ።

«የሷ ወንበር ላይ ሰው ይቀመጣል?» አለኝ አባትየው። ቀና ብሎ አላየኝም።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ባለ ካርዱ ነው የሚቀመጠው። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ስትተኛ፣ እናቷ ልትቀመጥበት በመረጠችው ቦታ እሱ እግሩን ዘርግቶ ፊልም ያያል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ተራው ስለሆነ ነው። «አይ፣ ማንም አይቀመጥም» አልኩት። ማያው ላይ፣ ከወንበሩ ቁጥር ፊት ለፊት «ብልሽት አለበት» ብዬ ጻፍኩ።

ባለ ካርዱ አንገቱን አስግጎ አየና «ባለፈው ሐሙስ ተቀምጬበት ነበር፤ ምንም አልነበረውም» አለኝ።

«ዛሬ ተበላሽቷል» አልኩት።

ለአፍታ አየኝ። ከዚያ አባትየውን አየ። ካርዱን ኪሱ ከተተና ወደ ራሱ ወንበር፣ ወደ ኋላ ክፍል ገባ። ከዚያ ወዲህ ያን ሰው እንደ ድሮው አላማውም።

አቶ ደቂቃ ከትከሻዬ ኋላ ሆነው የጻፍኩትን አነበቡ። «ብልሽት የሚጽፈው ቴክኒሻን ነው፤ አንቺ አይደለሽም» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«ነገ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይሰጡሻል።»

«ይስጡኝ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስድስት ደቂቃ አለን» አሉ ብቻ። «ጉዳዩ ከታወቀ ሦስተኛው ጥሪ አያስፈልግም። ሴትዮዋ ይሰረዙና እነሱ ይግቡ።»

«በሉ ይግቡ» አልኩት አባትየውን። አልገባም። የልጅቷን ኮፍያ አስተካከለ፣ ወተቱን የያዘበትን ቦርሳ ወደ ትከሻው መለሰ። የሚናገረው ነገር እንዳለው አወቅሁ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለ። «ሦስተኛውንም ይጥሩት።»

መሳለቁ መሰለኝ። ይገባኛል ብዬ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅሁም፣ ምላሴን ይቁረጠው» ማለት ጀመርኩ። ራሱን ነቀነቀ።

«ለዚያ አይደለም። ከሞተች ወዲህ ስሟን የሚጠራው ሰው የለም። ዘመዱ እኔ ፊት ሲሆን 'እሷ' ነው የሚላት፤ እንዳይከፋኝ ብሎ። ሆስፒታል 'ሟች' ነው የሚሏት። ወረቀቱም 'ሟች' ነው የሚለው። ስሟን ከነአባቷ የጠሯት እርስዎ ብቻ ነዎት። ያውም ተቆጥተው። ትመጣለች ብለው ነው የተቆጡት።» ልጅቷን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወራት። «እያወቅሁት፣ ሁለቱንም ጊዜ ወደ በሩ አየሁ።»

አቶ ደቂቃን አየኋቸው። ከጠረጴዛው ፈቀቅ አሉልኝ።

ማይኩን አነሣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ይዤዋለሁ፣ የዚያን ቀን ግን ከበደኝ። «የመጨረሻ ጥሪ» አልኩ። ወይዘሮ ብዬ ስሟን ጠራሁ፤ የአባቷን ስም ጨመርኩ፤ ከማያው ላይ አንብቤ የአያቷንም ጨመርኩ፤ ከዚያ በፊት ለማንም ጨምሬ አላውቅም። «ባለቤትዎና ልጅዎ በሩ ላይ እየጠበቁዎት ነው» አልኩ። ድምፄ መሃሉ ላይ ተሰበረ፣ በድምፅ ማጉያው ሁሉ ተሰማ፤ ሱቆቹ ድረስ፣ መጸዳጃ ቤቶቹ ድረስ። በኋላ ባልደረቦቼ ማን ነው የጠራው ብለው ሲጠያየቁ ነበር። ሳይረን መሆኗን ማንም አላወቀም።

ከዚያ በደንቡ መሠረት ሁለት ደቂቃ ጠበቅን። እኔ ጠረጴዛዬ ኋላ፣ ባልደረባዬ በሩ ላይ፣ አባትየው ልጅቷን ደረቱ ላይ አቁሟት፣ ፊቷን ወደ መተላለፊያው አድርጎ። ልጅቷ ነቅታለች። ከሩቅ የተረከዝ ጫማ ድምፅ መጣ፣ አራታችንም አየን። ሌላ ሴት ናት፤ ወደ ሌላ በር አለፈች። አቶ ደቂቃ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው መሬት መሬቱን ያያሉ፤ ሰዓታቸውን አንድ ጊዜም አላዩም።

ሁለቱ ደቂቃ ሞላ። የመሰረዣውን ገጽ ከፈትኩ። ያ ጽሑፍ አልመጣም፤ ሕፃኗ አባቷ ጋ ስለሆነች የሚጠይቀው ስለእናቷ ብቻ ነው። ማያውን ወደ እኔ አዙሬ፣ እሱ እንዳያይ በሰውነቴ ከልዬ፣ ራሴ ተጫንኩት።

የአባትየውን ወረቀት ማሽኑ ላይ አስነካሁለት። አረንጓዴ በራ፤ ሁለት ሰው ይላል። «ይግቡ የኔ ወንድም» አልኩት። ገባ፣ እኔም በሩን ዘጋሁ።