ፖርቱ ተይዟል

ሚጡ ጃቫ የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መማር ስትጀምር ኮምፒውተር የሰጣት የእህቷ ባል ነው። ጋሼ ትለዋለች። መታጠፊያው ላይ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግንበት ሱቅ አለው፤ ሰፈሩ በሙሉ እጁ ወርቅ ነው ይላል። ላፕቶፑ ቀድሞ የእህቷ የእትዬ ነበር፤ የምትሰፋቸውን ልብሶች ሞዴል ታይበት ነበር። ኋላ ስልኳ ሲበቃት ለታናሿ ተላለፈ።

"አደራ፣ ፎርማት አድርገሽ የተጫነውን እንዳታጠፊው" አላት ጋሼ ሲሰጣት። "የጎደለ ካለ እኔ እጭንልሻለሁ።"

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ሱቁ፣ እትዬ ሳሎን የስፌት መኪናዋ ላይ ነበሩ። አብራቸው የምትኖረው ሚጡ ክፍሏ ገብታ የቤት ሥራዋን ያዘች። አስተማሪያቸው ሁሉም በየኮምፒውተሩ ላይ ሰርቨር፣ ማለትም ብሮውዘር ላይ ገጽ የሚያቀርብ ፕሮግራም፣ አስነስቶ እንዲመጣ አዟል። ቶምካት የተባለውን ሰርቨር አወረደች፣ ዚፑን ፈታች፣ ጃቫ የት እንዳለ አሳየችው፣ ማስነሻውን ተጫነች። ጥቁሩ መስኮት ጽሑፉን አዥጎድጉዶ ድንገት ቆመ። 8080 የተባለው ፖርት በሌላ ፕሮግራም ተይዟል ይላል።

አስተማሪው ጋ ደወለች።

"አይዞሽ፣ ያልደረሰበት የለም" አላት። "ፖርት ማለት የበር ቁጥር በይው። በዚያ በር ሌላ ሰርቨር ቀድሞሽ ገብቷል። ቁጥሩን 8081 አድርጊና ቀጥይ።"

"እኔ እኮ ሌላ ሰርቨር አልጫንኩም።"

"እንግዲያው ከበፊት የነበረ ይሆናላ። ብሮውዘር ላይ የዚያን ፖርት አድራሻ ጽፈሽ እዪው፣ አይቆጣሽም።"

ጻፈችው። ርዕስ የሌለው ገጽ ተከፈተ። ፎቶ ብቻ ነው፣ በመደዳ በመደዳ። ሁሉም ላይ እሷ አለች። እስክሪብቶ ስታኝክ። ፀጉሯን ስታበጥር። ተኝታ። ታጥባ ወጥታ በፎጣ፣ ጀርባዋን ሰጥታ። የካሜራው ትንሽ መብራት አንድም ቀን ሲበራ አይታ አታውቅም። እያየች ሳለ ከላይ አንድ አዲስ ፎቶ ተጨመረ፤ አፏን ከፍታ ስክሪን ላይ ያፈጠጠች ሴት። እሷው ናት፣ አሁን።

ክዳኑን ልታጥፈው እጇን ሰደደችና መለሰችው። ይሄኔ ፎቶውን የሚያነሳኝ ሰው እያየኝ ቢሆንስ? ብትዘጋው ማወቋን ያውቃል። ስለዚህ ቀና ብላ ተቀመጠች። ገጹን ዘግታ የቶምካትን ፋይል ከፈተች፣ ቁጥሩን ቀየረች፣ እንደገና አስነሳች። ሰርቨሩ ተነሳ፤ የቶምካት ገጽ የድመት ምልክቱን ይዞ ብቅ አለ። ደስ ያላት ለመምሰል ፈገግ አለች።

ስልኳ ጠራ። ጋሼ ነው።

"እንዴት ነው፣ ተሳካ?"

"ተሳካ፣ ጋሼ።"

"ጎበዝ። ምነው፣ የደነገጥሽ ትመስያለሽ?"

ዓይኗ ወደ ካሜራው ቀዳዳ ሄደ።

"ድምፅሽን ማለቴ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ለማንኛውም ከእንግዲህ አትነካኪው። አሁን መጥቼ አስተካክልልሻለሁ።"

ላፕቶፑን እንደተከፈተ አቅፋ ሳሎን ገባች። "እትዬ፣ መኪናውን ተይውና ይሄን እዪልኝ።"

የፎቶዎቹን ገጽ መልሳ ከፈተችላት። እትዬ መጀመሪያ ግራ ገባት። ገጹን ወደ ታች እየገፋች፣ የሚጡን ፎቶዎች አልፋ፣ ላፕቶፑ የራሷ ወደነበረበት ጊዜ ወረደች። እዚያ መኝታ ቤቷ ውስጥ አልጋ ጫፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ፣ ሆዷን ይዛ ታለቅሳለች።

"ይሄ ፅንሱ የወረደብኝ ቀን ነው" አለች። "ለማንም ትንፍሽ አላልኩም ነበር። ከሱቅ ሲገባ ግን 'ምን አስለቀሰሽ?' አለኝ። እኔ እኮ ሚጡ፣ ልቤን የሚያነብ ባል ሰጠኝ እያልኩ ነው የኖርኩት።"

"እትዬ፣ እየመጣ ነው።"

እትዬ የጀመረችውን ቀሚስ መርፌው ላይ እንደተንጠለጠለ ትታ ተነሳች። ሚጡ ላፕቶፑን በሻርፕ ጠቀለለችው። በጓሮ በር ወጥተው ታክሲ ያዙና ወደ አክስታቸው ሰፈር መንገድ ጀመሩ። ወዴት እንደሚሄዱ ከሹፌሩ በቀር ለማንም አልተናገሩም።

መንገድ ላይ የእትዬ ስልክ ጠራ። አነሳችው።

"አክስትሽ ጋ ምን ልትሠሩ ነው?" አለ ጋሼ። አልተቆጣም። ውሃ ግዢልኝ እንደሚል ሰው ነበር የሚናገረው።

እትዬ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና አየችው። ባለፈው ሰሞን መስታወቱ ሲሰበር የቀየረላት እሱ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አስፋልቱ ላይ ጣለችው።

"ወንድሜ፣ ሐሳባችንን ቀይረናል" አለችው ሹፌሩን። "ፖሊስ ጣቢያ አድርሰን።"

ጋሼ በዚያው ሳምንት ተያዘ፤ ሱቁም ታሸገ። መርማሪዋ ሁለቱን እህትማማቾች አስጠርታ ከሱቁ ኮምፒውተር የተገኘውን አሳየቻቸው። ሌሎች ክፍሎች፣ ሌሎች አልጋዎች፣ ሌሎች ሴቶች ነበሩ፤ ስልካቸውን አምነው ለጥገና የሰጡት። መርማሪዋ የምታውቁት ሰው ካለ ንገሩኝ አለቻቸው። ሚጡ ፊቷን አዞረች። እትዬ ግን አንድ በአንድ አየች፤ ብዙዎቹን አወቀቻቸው። አንዷ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ነበረች።

"ፈቃድሽ ከሆነ እኔው ልንገራት" አለቻት እትዬ መርማሪዋን።

በማግስቱ የጎረቤቷን በር አንኳኳች። ጎረቤቲቱ ስልክ ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ከፈተች፤ የምታወራትን ሴት አንዴ ቆይኝ ብላ የእትዬን ፊት አየች።

"ምነው፣ ደህና አይደለሽም? ግቢ እንጂ።"

እትዬ ደጃፉ ላይ ቆመች።

"በመጀመሪያ ስልኩን አጥፊው" አለቻት።