ተኩላው ይመለስ

እኛ ክፍል ውስጥ ስልክ የሚደውል ሁሉ ቀን ሙሉ ሲሰደብ ነው የሚውለው። እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም፤ ስድቡን ለምደነዋል። «ሥራ ፈት!» ይሉናል፤ «ቁጥሬን ከየት አመጣሽው?» ይሉናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይል ጆሯችን ላይ ይጠረቅመዋል። ሥራችን የሰው አስተያየት መጠየቅ ነው። ስለ ሳሙና ጠይቀናል፤ ስለ አውቶቡስ ጠይቀናል። ዘንድሮ ደግሞ ስለ ተኩላ ጠይቁ ተባልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ጫካ ድሮ ተኩላ ነበረ፤ ሰው አድኖ ጨረሰው። አሁን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ከሌላ አገር ጥቂት ተኩላዎች አስመጣና፣ ቦታውን እስኪለምዱ ብሎ ጫካው ዳር በሽቦ አጥር ውስጥ አስቀመጣቸው። አጥሩ ከመከፈቱ በፊት ግን የአካባቢው ሰው ይጠየቅ ተባለ። አብዛኛው ሰው እሺ ካለ ይለቀቃሉ፤ እምቢ ካለ ወደመጡበት ይወሰዳሉ። መጠየቁ ለኛ ቢሮ ተሰጠ።

የላኩልን ጥያቄ ግን ጥያቄ አይባልም። «ቀደም ሲል በአካባቢው ይኖር የነበረውና ሰው ሠራሽ በሆኑ ምክንያቶች የጠፋው የተኩላ ዝርያ ወደ ተፈጥሯዊ መኖሪያው ዳግም እንዲገባ መደረጉን ምን ያህል ይደግፋሉ?» በሉ አሉን። ትንፋሼ እስኪያጥረኝ አነበዋለሁ፤ ግማሽ ላይ ሳልደርስ ስልኩ ይዘጋል። አንዲት ሴትዮ እስከ መጨረሻው አዳምጠውኝ፣ «አሜን ልጄ፣ ከየትኛው ጸሎት ነው?» አሉኝ።

ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ ምን ቆርጦኝ እንደገባሁበት አላውቅም። «ለምን ዝም ብለን ‹ተኩላው ይመለስ ወይስ አይመለስ?› አንልም?» አልኩት አለቃችንን። እሱ ደግሞ ረጅም ነገር ከሚያነብ አሥር ፎቅ በእግሩ ቢወጣ ይሻለዋል። «አንቺ እኮ ወርቅ ነሽ!» አለኝና በዚያው ጸደቀ። ሰዎቹ «ይመለስ» ካሉ አንድ ቁጥርን፣ «አይመለስ» ካሉ ሁለት ቁጥርን እንጫናለን። አለቀ።

ከዚያማ ሥራው እንደ ውኃ ፈሰሰ። «ይመለስ!» ይሉናል። «ኧረ ይመለስ!» ይሉናል። ጥያቄው ሳያልቅ «ይመለስ፣ ይመለስ» ብለው የሚያቋርጡን ሁሉ ነበሩ። እኔ አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያልኩ እጫናለሁ። አንድ ሰውዬ «ከነጓዙ ይመለስ!» ሲሉኝ ሳቄ መጣና ሳቄን አፍኜ አንድን ተጫንኩ። እስቲ አሁን ተኩላ ምን ጓዝ አለው? እዚያ ላይ ቆም ብዬ ባስብ ምን ነበረበት! ግን ማን ያስባል፤ ቀጣዩ ቁጥር እየመጣ ነው።

አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ የመጣው ቁጥር የጋሼ ሆኖ አረፈው።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ነው። እናቴ ስትሞት ወስዶ ያሳደገኝ እሱ ነው። አናጢ ነው፤ ጫካው አጠገብ ባለው መንደር ይኖራል፣ ከጓሮው ጥቂት በጎች አሉት። ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ እንደ ትልቅ ሴት ስለምናገር «እሜቴ» ብሎ ስም አወጣልኝ። የቢሯችን ደንብ ግን ዘመድም ይሁን ባዳ፣ ሁሉንም «እርስዎ» በሉ ይላል።

«ጤና ይስጥልኝ። ከአስተያየት መጠይቅ ቢሮ ነው የምደውለው። ይህ ጥሪ ይቀዳል። ጥቂት ጊዜ ይኖርዎታል?»

«እሜቴ! አንቺ ነሽ እንዴ? ምን ‹ይኖርዎታል› ትይኛለሽ፣ ቀበጥ!»

«ጥሪው ይቀዳል ብዬዎታለሁ» አልኩት ሳቄ እያመለጠኝ።

«ይቀዳ! አሳድጌ አሳድጌ ‹እርስዎ› ልባል? ነው ወይስ አረጀሁብሽ?»

«ተኩላው ይመለስ ወይስ አይመለስ?»

«ይመለስ!» አለኝ። «ዛሬ ነገ ሳይባል ይመለስ!»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! በግ ያለው ሰው ስለሆነ አይሆንም ይላል ብዬ ነበር። የኔ ጋሼ ልበ ሰፊ ነው አልኩና በኩራት አንድን ተጫንኩ።

ውጤቱ በሬዲዮ ተነገረ፤ ከአስሩ ሰው ሰባቱ ተኩላው ይመለስ አለ ተባለ። አጥሩ በሚቀጥለው ወር ይከፈታል። አለቃችን ክፍሉ መሀል አቁሞ አስጨበጨበልኝ፤ ተቆጣጣሪ አደረገኝና ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን ጠረጴዛ ሰጠኝ። የሚሽከረከር ወንበር አለው። ሰው ሳያየኝ ሁለቴ ተሽከረከርኩበት።

እሁድ ጋሼን ልጠይቅ ሄድኩ። አናጢ ቤቱ ውስጥ መላጊያውን ይዞ እንጨት ይልጋል፤ ይልጋል ከምል ይቀጠቅጣል ብል ይሻላል። ገና ሰላም ሳልለው «የባለ ወፍጮውን ስም እንዳታነሺብኝ» አለኝ።

ክው አልኩ። ባለ ወፍጮው ማለት ለጋሼ ከወንድም በላይ ነው። ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው፤ የባለ ወፍጮው እናት፣ እማማ፣ ሁለቱን ከአንድ ሳህን እያበሉ ነው ያሳደጓቸው። የባለ ወፍጮውን ቤት በር የሠራው ጋሼ ነው። እማማ ራሳቸው አናጢ ቤቱ እየመጡ «የሬሳ ሳጥኔን ሌላ ሰው እንዳይሠራብኝ፤ ጠባብ ነገር አልወድም፣ ሰፋ አድርገህ» ይሉት ነበር። ጋሼም እየሳቀ ጥሩ ጥሩ ሳንቃ መርጦ ግድግዳው ላይ አስደግፎላቸዋል። «ይድረቅ፣ አይቸኩሉ እማማ» ይላቸዋል። ሳንቃው ያኔም እዚያው ቆሞ ነበር።

«ምን ተፈጠረ?» አልኩት።

«ምን ያልተፈጠረ አለ! ሬዲዮኑን አልሰማሽም? ከአስሩ ሰባቱ! መንደሩን ቤት ለቤት ዞሬ ጠየቅኩ። ሁሉም ‹ኧረ እኔ ወደዚያ ይውሰዱልን ነው ያልኩት› ብሎ ይምላል። ታዲያ ሰባቱ እነማን ናቸው? ከሰማይ ወረዱ? ባለ ወፍጮውን ስጠይቀው ‹እኔም እንዳንተው ነው ያልኩት› አለኝ፣ ዓይኔን እያየ። ልጁ እዚያ ሽቦው ጋ ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሯል እኮ፤ ተኩላው ከሄደ ደመወዙም መሄዱ ነው! አልቻልኩም፤ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሰው ፊት ሁለት ምላስ አልኩት።»

«አንተ ግን ምን ነበር ያልካቸው?» አልኩ።

«ምን ‹ያልካቸው› ትያለሽ፣ የጠየቅሽኝ አንቺ አይደለሽ? ይመለስ አልኩሽ! ወደመጣበት ይመለስ! ሌላ ምን ልል ኖሯል?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ተኩላዎቹ እኮ መጥተዋል። ሽቦው ውስጥ ናቸው፤ ሲያላዝኑ የመንደሩ ሰዎች ይሰሟቸዋል። የመጣን ነገር «ይመለስ» ሲሉ ሌላ ምን ሊሉ ኖሯል? ከተማ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ተኩላው ወደ ጫካው ይመለስ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ እነሱ ተኩላው ወደ አገሩ ይመለስ ብለው መለሱልኝ። አንዱን ቃል ለሁለት ተካፍለነው ኖሯል። ከነጓዙ ይመለስ!

ያኔ፣ እዚያው፣ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እግሩ ሥር ያለውን የእንጨት ፍቅፋቂ በጫማዬ መግፋት ጀመርኩ። እውነቱን ልናገር? ጭብጨባው ትዝ አለኝ። ወንበሩ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ቢሮ ላጣራ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ጋሼ እንደልማዱ በር ድረስ ሸኝቶኝ፣ «እሜቴ፣ አንቺ እንኳን አለሽልኝ» አለኝ። ወይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ቢሮ ገብቼ ምንም አላጣራሁም። ዛሬ አለቃው ከፍቶታል፣ ነገ ስብሰባ አለ እያልኩ ሳመነታ ጋሼ ደወለልኝ። ጋሼ በሥራ ሰዓት ደውሎልኝ አያውቅም።

«እማማ ሞቱ» አለኝ።

«ወይኔ! መቼ ነው ቀብሩ? አሁኑኑ ልምጣ።»

«ተቀበሩ።»

«ታዲያ እንዴት አልነገርከኝም?»

«እኔም አልሄድኩም። ባለ ወፍጮው ‹እንዳይመጣብኝ› ብሏል አሉ። እኔስ ሰው ፊት እንደዚያ ተናግሬው በምን ዓይኔ ልሂድ? ጓሮ ሆኜ ሬሳው ሲወጣ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ሳጥኑን ከከተማ ገዝተው ነው ያመጡት። ጠባብ ነው፣ እሜቴ። በጣም ጠባብ ነው።» አለና ሲያለቅስ ሰማሁት። ጋሼ እናቴን ሲቀብር እንኳ እኔ ፊት አላለቀሰም።

ስልኩን አስቀምጬ አለቃችን ክፍል ገባሁ። ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተቆጣ። «ቃሉ ያው ቃል ነው! ይመለስ ማለት ይመለስ ማለት ነው። አሁን ማን ይሙት፣ ለአንድ ቃል ብዬ ሬዲዮ የተነገረ ነገር ላስተባብል?» አለኝ። ወጥቼ የተቀዱትን ጥሪዎች ክፍሉ መሀል በድምፅ ማጉያው ለቀቅኳቸው።

«ይመለስ፤ ጅራቱን ይዛችሁ መልሱልን!»

«ይመለስ እንጂ፣ እዚህ ማን ጠራው?»

«ይመለስ፤ ድሮም አገሩ ነው፣ አባቴ ነበር የገደላቸው።» ይህኛው እውነትም ይምጣ ማለቱ ነው። እንደሱ ያሉም ነበሩ።

ቀጥሎ ደግሞ «ይመለስ» ብቻ፣ «ይመለስ» ብቻ። የቱን ማለታቸው እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው። መጀመሪያ ላይ የሳቁ የሥራ ጓደኞቼ አንድ በአንድ ማዳመጫቸውን እያወለቁ ተጠጉ። የጋሼ ድምፅ መጣ። «ዛሬ ነገ ሳይባል ይመለስ!» ከኋላው የኔ ሳቅ አብሮ ተቀድቷል።

አለቃችን ከበሩ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ነበር። «ለመሆኑ ይህን ጥያቄ ማን ነው ያሳጠረው?» አለ፣ ያላወቀ ይመስል።

«እኔ» አልኩ።

የአጥሩ መከፈት ቆመ፤ ሁሉም ሰው እንደገና ይጠየቅ ተባለ። እኔም ወደ ድሮው ወንበሬ ተመለስኩ፤ ይገባኛል። አዲሱ ጥያቄ «በአጥር ውስጥ ያሉት ተኩላዎች ጫካው ውስጥ ይለቀቁ ወይስ ወደመጡበት አገር ይወሰዱ?» ሆነ፤ ይለቀቁ አንድ፣ ይወሰዱ ሁለት። የጋሼ ቁጥር ሲደርስ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ስጪኝ፣ እኔ ልደውልለት» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ራሴ ደወልኩ።

«ጤና ይስጥልኝ። ከአስተያየት መጠይቅ ቢሮ ነው የምደውለው። ይህ ጥሪ ይቀዳል።»

«እሜቴ?» አለ። ድምፁ ደክሟል። «ደግሞ ምን ልትጠይቂኝ ነው?»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ስማኝ። ባለ ወፍጮው አልዋሸህም። ማንም አልዋሸህም። ጥያቄውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይመለስ ስትሉኝ ጫካ ይግባ ያላችሁ መስሎኝ ነው። ሰባቱ እናንተው ናችሁ። አንተንም ከሰባቱ ጋር ነው የቆጠርኩህ።»

ከጓሮው የበጎቹ ድምፅ ይሰማኛል።

«መቼ አወቅሽ?» አለኝ።

ይህን እንዳይጠይቀኝ ነበር ስጸልይ ያደርኩት። «ያን እሁድ» አልኩት።

«እማማ ሳይሞቱ?»

«ሳይሞቱ።»

ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በጮኸብኝ። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጥያቄዎን ይቀጥሉ» አለኝ።

የተሳሳትኩ መሰለኝ። «ጋሼ፣ በናትህ...»

«ይቀዳል ብለውኛል። ይቀጥሉ።»

ጠየቅኩት። ምን ብዬ እንዳነበብኩት አላውቅም፤ ደርቄ ነው ያነበብኩት።

«ወደመጡበት አገር ይወሰዱ» አለ። «አሁን ያልኩትን ይድገሙልኝ።»

«ወደመጡበት አገር ይወሰዱ» አልኩ።

«እንደሱ ነው። ጨርሰዋል?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ልዝጋ። ባለ ወፍጮው ቤት መሄዴ ነው። በሩን የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ ይክፈትልኝ አይክፈትልኝ እንጃ።» ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው አድርጎ፣ «ደህና ይዋሉ» አለኝ።

ስልኩ ተዘጋ። እኔም ሁለት ቁጥርን ተጫንኩ።