ፍሪሲዮን የሌላት ጂፕ

ጂፗ ስትዘል ቡሎን የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ታላቅ ወንድሙ መሪው ላይ ተመቻችቶ ተቀምጦ፣ መስታወቱን አስተካክሎ፣ ቁልፉን ገና ከማዞሩ ያቺ አሮጌ መኪና እንደተገረፈች በቅሎ ወደ ፊት ተወረወረች። የልብስ ማስጫውን ገመድ በጠሰች፣ ሳፋውን ከግንቡ ጋር አጣብቃ ጨፈለቀችና ቀጥ አለች። ከአፍታ በፊት ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ ልብስ ትጨምቅ የነበረችው የወንድሙ ሚስት የልብስ መቆንጠጫ ልታመጣ ወደ ቤት ገብታ ነበር። መቆንጠጫ! የሰው ዕድሜ አንዳንዴ በዚህችው ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

ድምፁን ሰምታ ስትወጣ ሳፋውን አየች፣ ባሏን አየች፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ቡሎን ሮጦ የመኪናዋን በር ሲከፍት ወንድሙ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማርሽ ውስጥ ነበረች» አለ ታላቁ፣ ቀስ ብሎ። «ሳላይ ነው ያስነሳኋት።»

በከዘራው እየተደገፈ ወረደ፣ ቁልፉን ሚስቱ ጭን ላይ አስቀመጠና «ሽጧት። ጭንቅላቴም ሄዷል» ብሏት ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ቡሎን ግን ማን እንዳጠፋ ያውቃል።

ቡሎን የተባለው አጭርና ድርቅ ያለ ስለሆነ ነው፤ አንዴ ከያዘ በመፍቻም አይላቀቅም። በጋራዦቹ ሰፈር ካምቢዮ፣ የማርሹን ሳጥን፣ አውርዶ በመስቀል የሚያህለው የለም ይባላል። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ሠላሳ ዓመት በዚያች ጂፕ ገጠር ለገጠር እየዞረ የውሃ ፓምፕ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ ዛለ። እጁ ተመለሰ፣ አፉ ተመለሰ፣ ግራ እግሩ ግን ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን መርገጥ አቃተው። ሽጠህ ፍሪሲዮን የሌላትን አውቶማቲክ ግዛ ቢሉት፣ የኔን መንገድ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት ብሎ አሻፈረኝ አለ። ታናሹን ጠርቶም «እግሬን ማደስ ካልተቻለ መኪናዬን አድስልኝ» አለው።

ቡሎን ከተጋጨ መኪና ላይ አውቶማቲክ ካምቢዮ አወረደ። ወለሉን ቀደደ፣ ለካምቢዮው አዲስ መቀመጫ በየደ፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ አስቆርጦ አሳጠረ፣ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ነቅሎ ጣለ። ሁለት ወር ፈጀበት። ወንድሙ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ይደውላል። አለቀች? ምን ቀራት? ዛሬስ?

የቀራት አንድ ነገር ነበር። መኪናዋ ማርሽ ውስጥ እያለች ሞተሯ እንዳይነሳ የምትከለክል ትንሽ መቆጣጠሪያ ከካምቢዮው ጎን ትገጠማለች። ከተጋጨው መኪና የመጣችው ተሰብራለች፤ ሌላ ለማግኘት አንድ ሳምንት ያስፈልጋል። ቡሎን ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝቶ በፕላስተር ጠቀለላቸው። ቆይቼ እገጥማታለሁ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ! ትናንት ማታ ጂፗን ሲያስረክበው ወንድሙ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞረ፣ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ጡሩንባ ነፋ፣ ግቢ ሲገባም ሠላሳ ዓመት እንደለመደው ማርሽ ውስጥ እንዳለች ሞተሩን አጠፋ። የድሮ ሾፌር እንዲህ ነው፤ ከእጅ ፍሬን ይልቅ ማርሽ ያምናል።

ቡሎን የተበተነውን ልብስ ከአፈር እየለቀመ ለሚስትየው ሁሉንም ነገራት። ሽቦውን፣ ፕላስተሩን፣ ጥድፊያውን።

«እዚያ ብቆም ኖሮ ገድለኸኝ ነበር» አለችው፣ ድምጿን ሳታነሳ።

«ገድዬሽ ነበር፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንህ። ሆድ ይፍጀው በል። ሠላሳ ዓመት ገደል ገባ፣ ጎርፍ ወሰደው እያልኩ በር በር ሳይ ኖሬያለሁ። በሽታው መሪ ላይ ሳለ ቢመለስበትስ? አሁን በገዛ አፉ ሽጧት ብሏል። ሁለተኛ አይለውም።»

ምን ይመልስ? ሐኪሙ መንዳት ትችላለህ ቢለውም የሷ ፍርሃት ፍርሃት ነው፤ ሐሰት የለበትም። ደግሞ ዝም ቢል የሱም ስም አይነካም። በጋራዦቹ ሰፈር ቡሎን ሽቦ አጣብቆ ሰው ሊፈጅ ነበር የሚል አይኖርም። ዝምታው ለሁለቱም ተመቸ፤ ቡሎንን ያስፈራውም ይኸው መመቸቱ ነው። እሺም እንቢም ሳይላት ወንድሙን ሊሰናበት ገባ።

የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የወንድሙ ድምፅ ይሰማል።

«መቶ። ዘጠና ሦስት። ሰማንያ ስድስት። ሰባ ዘጠኝ። ሰባ ሁለት...»

ሆስፒታል ሳለ ሐኪሙ ጭንቅላቱን የፈተነው እንዲህ ነበር፤ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እያስቀነሰ። ሰባ ሁለት ላይ ቆመ። «ሰባ ሁለት... ሰባ ሁለት...» አለና እንደገና ከመቶ ጀመረ። እንደገናም እዚያው ተደናቀፈ። ያ መቶ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ የተሰበረውን የፓምፕ ዕቃ በድምፁ ብቻ የሚያውቅ ሰው! በሩን ገፋው።

«ጋሼ።»

«ና። መፍቻዎቼን ውሰዳቸው፤ እኔ ጋ ዝገት ይበላቸዋል።»

«አልወስድም። ስማኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።» ነገረው። ሲነግረውም ዓይኑን ወለሉ ላይ አልጣለም።

«መልሰህ ንገረኝ» አለ ታላቁ።

መልሶ ነገረው።

«ታዲያ ዕቃዋ ተገጥማ ቢሆን ኖሮ?»

«ቁልፉን መቶ ጊዜ ብታዞር አትነሳም ነበር። አንተ እንደለመድከው አቆምክ። ይህቺ እንደዚያ አትቆምም ብሎ ማስጠንቀቅ የኔ ሥራ ነበር፤ እሱንም አላደረግኩም።»

ቡሎን ስድብ ጠበቀ። የልጅነቱ ጥፊ ቢመጣለት በወደደ። ታላቁ ግን ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋደመ።

«ጭንቅላቴ ደህና ነው ማለት ነው?» አለ።

«የታመመው የኔ ነው።»

ታላቁ በእጁ መዳፍ ፊቱን ሸፈነ። ሲገልጠው ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን ንዴትም ገብቶበታል። «እሷ እዚያ ቆማ ቢሆንስ?» አለ።

ሚስትየው በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«እንግዲህ ነገርከው» አለችው። «መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን በማን ነው?»

አይዞሽ ምንም አይሆንም ማለት ይችል ነበር፤ እግዜር ያውቃል ማለትም ይችል ነበር። ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።

«በኔ ነው፣ እትዬ» አላት።

ከዚያ ወደ ግቢው ወጣ፣ እርጥቡ መሬት ላይ ተንጋሎ ከጂፗ ሥር ገባና ሁለቱን ሽቦዎች ቆርጦ ለያያቸው። ያቺ መቆጣጠሪያ እስክትገጠም ሞተሯ አይነሳም።