ጥላ ያዧ

መንገድ ሠሪው የውጭ ኩባንያ መካነ ሰላም ሲገባ ሀዲያ ሙእሚንን የቀጠራት ቀያሽ ብሎ ነው። ደሴ ሁለት ዓመት ቀየሳ ተምራ፣ የምስክር ወረቀቷን ይዛ ነው የመጣችው። ይሁን እንጂ ኩባንያው ዋና ቀያሹን ከባሕር ማዶ አስመጥቶ ኖሮ፣ ከእሱ ሥር ሆነሽ ትለምጃለሽ አሏት። ሕጉ እንዲያ ነው። የውጭ ሰው የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው አገሬው ሥራውን እስኪለምድ ድረስ ነው፤ ለምዶ የሚረከበውም ሰው ስሙ ከፈቃዱ ጋር አብሮ ይመዘገባል። ተተኪ ይሉታል። የፈረንጁ ተተኪ ሀዲያ ነበረች።

ሥራዋ ጥላ መያዝ ሆነ። የቀየሳው መሣሪያ በሦስት እግሩ ሲቆም ፀሐይ እንዳይመታው ከጠዋት እስከ ማታ ጥላ ዘርግቶ ከጎኑ መገተር። ኩባንያው ጥላውን እንኳ አልገዛላትም፤ የምትይዘው አባቷ ሼህ ሙእሚን ለጁምዓ ሲወጡ የሚይዙትን ጥቁር ጥላ ነው። አንድ ቀን ዓይኗን ወደ መነጽሩ ጠጋ ብታደርግ፣ ፈረንጁ ትከሻዋን ገፍቶ ወደ ቦታዋ መለሳት። በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ሲፈልጋት ያፏጭላታል። ውሻም እኮ ስም አለው!

መቼ ነው የምማረው ብላ ስትጠይቅ ክረምቱ ይውጣ ይሏታል፤ ክረምቱ ሲወጣ ድልድዩ ይለቅ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባት። እሷ ግን መሣሪያውን የምትይዝበትን ቀን እየጠበቀች ቻለችው።

በ2006 ዓ.ም. የፈረንጁ ፈቃድ ማብቂያው ሲደርስ ገበየሁ ከአዲስ አበባ መጣ። ገበየሁ የኩባንያው ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፤ የየመሥሪያ ቤቱን በር እንደ ጓዳው በር የሚያውቅ፣ አፉ ቅቤ የሆነ ሰው። ሀዲያን ወደ መኪናው ጠራትና ኮፈኑ ላይ አንድ ወረቀት ዘረጋላት። «ተተኪዋ በቂ ሥልጠና ቢሰጣትም ሥራውን ገና ስላልቻለችው የባለሙያው ፈቃድ ይራዘም» ይላል። ከሥሩ ስሟ ተጽፎ፣ ለፊርማ ቦታ ተትቶለታል።

«እዚህች ጋ ብቻ፣ የኔ እህት» አላት።

ሀዲያ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ደሟ ፈላ። አለማስተማራቸው ሳያንስ፣ አልቻልኩም ብላ በራሷ ላይ ትመስክር!

«መቼ አስተማራችሁኝና ነው ያልቻልሁት?»

«ለደንቡ ያህል ነው እኮ። አንቺን ማን ይጠይቅሻል?»

«እኔማ እጠየቃለሁ፤ ሞት አለብኝ። ወላሂ፣ ይኸንን አልፈርምም።»

የገበየሁ ቅቤ ወዲያው ረጋ። «እና መንገዱ ይቁም ነው የምትይው? ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ትሂድ? ይኼ ፀረ ልማት ነው የሚባለው፤ አንቺንም አባትሽንም ቀበሌ ያስጠራል።»

ይህን ጊዜ እሳት ጎረሰች። ቃሬዛን ለእሷ ይንገራት! እናቷ በቃሬዛ ወጥታ ሐኪም ሳታይ የቀረችው በዚሁ መንገድ እጦት ነው። ከገበየሁ በፊት፣ ከፈረንጁም በፊት፣ ይህን መንገድ በዱዓ ስትለምን የኖረችው እሷ ናት። እስክሪብቶውን ከእጁ ነጠቀችና «ጥላ አስያዙኝ እንጂ አላስተማሩኝም» ብላ ጽፋ፣ ከሥሩ ፈረመችበት።

ገበየሁ አንብቦ ይቆጣል ስትል ሳቀ።

«ጎሽ! ገላገልሽን እኮ! አንቺን አሰናብቼ፣ ተተኪዋ ሥራ ጥላ ሄደች ብዬ ሌላ ሰው ሳስመዘግብ ሥልጠናው ከሀ ሁ ይጀምራል። እኔ አንድ ዓመት ስለምን አንቺ ሦስት ዓመት ልታሰጪኝ ነው።» ወረቀቱን ቀዶ ለነፋሱ ሰጠው።

እውነት ተናግራ የጠቀመችው እነሱን ሆነ። ለአባቷ ስትነግራቸው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያየውን ሰው አይሸሽገውም» አሏት። ደግ ቃል ነው፤ ንዴቷን ግን አላበረደላትም።

በነጋታው በንዴት ረስታው የሄደችውን ጥላ ልትወስድ ወደ መንገዱ ወጣች። በእሷ ቦታ፣ ከመሣሪያው አጠገብ ሩፋይዳ ቆማለች፤ የወረኢሉ አክስቷ ልጅ። ሩፋይዳ ከሳዑዲ ከተባረረች ገና ወሯ ነው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለሽም ብለው ከምትሠራበት ቤት ጎትተው አውጥተዋት፣ አንድ ፌስታል አንጠልጥላ አገሯ ገባች። የቀን ሥራ ልትለምን ካምፑ በር ላይ ስትቆም ገበየሁ አገኛት። በሰው አገር ፈቃድ አጥታ የተባረረች ልጅ፣ በገዛ አገሯ ለሌላው ፈቃድ ስሟን ሰጠች። ቀየሳን በስሙም አታውቀው።

«ሀድዬ! አልሐምዱሊላህ፣ ሥራ አገኘሁ! ተተኪ ቀያሽ ተብዬ ተመዘገብሁ» አለች ሩፋይዳ፣ ፊቷ በርቶ። «እስቲ ጥላው እንዴት እንደሚያዝ አሳይኝ።»

ሀዲያ ልትሰድባት አፏን ከፈተች። በዚህች ላይ ምን ይጮኻል? ድንጋዩ ላይ የተጣለውን ጥላ አንስታ አጠፈችና ብብቷ ሥር ሻጠችው።

«የአባቴ ነው» አለች፤ ቁልቁለቱንም ጀመረችው።

«ሀዲያ!»

ዘወር አለች። የጠራት ፈረንጁ ነው፤ ጥላው ሊሄድበት ነዋ። አፉን ሳይዘው፣ አጥርቶ ነው የጠራት። ለካ ስሟን ያውቀው ኖሯል። እንዴት አያውቀው፣ ሁለት ዓመት እንጀራ የበላበት ፈቃድ ላይ ተጽፎ! ሲያፏጭባት የኖረው እያወቀ ነው። የመንገድ ሥራ ድንጋይ አያጣም፤ እጇ አንዱን ለማንሳት ቃጥቶት ነበር።

ከዚህ የመለሰቻት ሩፋይዳ ናት። ሩፋይዳ የደረበችውን ሻርፕ ከትከሻዋ አውርዳ፣ በሁለት እጇ ወጥራ መሣሪያውን ከፀሐይ ትከልልለታለች። ፀሐዩ የእሷን ፊት ይጠብሰዋል።

ሀዲያ ወደ ላይ ተመልሳ ሻርፑን ከእጇ ነጠቀችና ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። የአባቷንም ጥላ ዘርግታ በሩፋይዳ አናት ላይ አቆመችው፤ እጀታውንም አስጨበጠቻት።

«ሁለት ዓመት የሠለጠንሁት ይኸው ነው» አለቻት። «እንዲህ ነው የሚያዝ። በራስሽ ላይ።»

«መሣሪያውስ?» አለች ሩፋይዳ፣ ፈረንጁን በሥጋት እያየች።

«ይንደድ!»