ሾፌሩ አይቆጠርም

ሠላሳ አራት ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዳ ሰው ከኋላ ወንበር መቀመጥ አይሆንለትም። ሽማግሌው ግን በዚያን ቀን ከኋላም ኋላ፣ በሦስተኛው ረድፍ፣ ከሻንጣዎች ጋር ተጣብቆ ነበር። ጥፋቱ የራሱ ነው። ጠዋት ጋቢና አስቀምጠውት ነበር። ወንድ ልጁ መሪውን ይዞ ኩርባ በገባ ቁጥር እሱ በሌለ ፍሬን ላይ እግሩን ሲጭን፣ “ቀስ” ሲል፣ “ማርሽ ቀንስ” ሲል፣ ልጁ ከንፈሩን ነክሶ አንድ ሰዓት ያህል ቻለው። ነዳጅ ለመቅዳት ሲቆሙ ሽማግሌው ነገሩ ገባውና “እኔ ከኋላ ይሻለኛል፣ እንቅልፌም መጥቷል” አለ። እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ምራቱ ወደ ጋቢና ተዛወረች፤ ቆይ እንጂ ያለው ሰው አልነበረም።

ቤት ውስጥ ስሙ “ሾፌሩ” ነው። ስሙን ያወጣችለት ሟች ሚስቱ ናት፤ ከእሷ ልጆቹ ወረሱት፣ ከልጆቹ ደግሞ የልጅ ልጆቹ። የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጁ “አያቴ” ብላ ጠርታው አታውቅም። ጠዋት ከቤት ሲነሱ “ሥራ ስጠኝ” ብላ ስትነዘንዘው የረዳትነቱን ሥራ ሰጣት።

“መኪናዋ ቆማ በተነሳች ቁጥር ሰው ትቆጥሪያለሽ። አራት ሲሞላ ‘ሙሉ ነን’ ትያለሽ። ሾፌሩ ግን አይቆጠርም። ሾፌር ከሌለማ መኪና አይነሳም።”

ይህን የመንገድ ሕግ የማያውቅ ረዳት የለም። ማደያው ላይ “አራት፣ ሙሉ ነን” ብላ ስትጮህ ከሻንጣዎቹ መሃል ሆኖ ሰማትና ኮራባት።

ሽማግሌው ከጠዋት ጀምሮ ሆዱ ውስጥ የሚመላለስ አንድ ጥያቄ ነበረው። የሚወስዱት ሴት ልጁ ጋ ነው። “ሙቀቱ እስኪያልፍ እሷ ጋ ትቆያለህ፤ እዚያ ይነፍሳል” ብሎታል ወንድ ልጁ። መልካም። ታዲያ ሙቀት ሸሽቶ ለሚሄድ ሰው ምራቱ ወፍራም ካፖርቱን ሻንጣ ውስጥ ለምን ከተተችው? የሚስቱን ፎቶግራፍስ ከግድግዳው ላይ ማን አወረደው? “የምመለሰው መቼ ነው?” ብሎ መጠየቅ ከባድ አልነበረም። መልሱን ፈርቶ ነው።

ቀትር ላይ መኪናዋ ምድጃ ሆነች፤ የልጅቷ የአራት ዓመት ወንድም፣ ትንሹ፣ ማልቀስ ጀመረ። እናቱ ከመንገዱ ዳር “መካነ አራዊት” የሚል ሰሌዳ አየችና “እዚህ ጥላ አይጠፋም፣ ትንሽ እንረፍ” አለች።

ጥላስ ነበር፤ አራዊቱ ቀድመው ይዘውታል። አንበሳው ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል። ጉማሬው ከጭቃው ውስጥ ጆሮዎቹን ብቻ አውጥቷል። ትንሹ ግን ነብር ካላየሁ ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። “ነብር” የሚል ሰሌዳ ያለበት አጥር ጋ ሲደርሱ ውስጡ አንድ ግንድና አንድ የደረቀ ገንዳ ብቻ ይታያል።

“ከግንዱ ኋላ ተኝቶ ይሆናል” አለ ሽማግሌው። “እናንተ ሄዳችሁ ውሃ ጠጡ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ። ብቅ ሲል እጠራሃለሁ፣ እሺ የኔ ጌታ?”

ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ሳበና ሽቦውን ይዞ ቆመ። ቆመ ሲባል እንዲያው ቆመ፤ ላቡ በጀርባው ሲወርድም ንቅንቅ አላለም። ሥራ የሚሰጠው ሰው ካጣ ቆይቷልና ይቺን ሥራ ወዷታል።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የመካነ አራዊቱ ጠባቂ የውሃ ጎማ እየጎተተ መጣ።

“አባት፣ ምን እየጠበቁ ነው?”

“ነብሩን።”

ጠባቂው አንገቱን አከከ። “ነብሩ የለም እኮ። ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው። ሰሌዳውን የሚያነሳ ጠፍቶ ነው።”

“ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እየመጣ ባዶ ያያል?”

“ያያል። አንዳንዱማ አየሁት ብሎ ይሄዳል።”

ሽማግሌው ከት ብሎ ሳቀ። ይህን ለልጆቹ ልንገር ብሎ ወደ ውሃ መሸጫው ሄደ። የሉም። ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደ። መኪናዋ ቆማ የነበረችበት ቦታ ላይ የሞተር ዘይት ጠብታ ብቻ አለ። ዘይት ታፈሳለች ብሎ ጠዋት ነግሯቸው ነበር።

ስልኩ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፣ ኮቱ መኪናው ውስጥ። ተከትሎት የመጣው ጠባቂ የራሱን ስልክ አወጣ። “ቁጥራቸውን ያውቁታል? ልደውልልዎት።”

የልጁን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። “ተወው ልጄ፣ ይመጣሉ” አለ።

ለምን እንዲህ እንዳለ ራሱ ያውቃል። ያለ እሱ ምን ያህል መንገድ እንደሚሄዱ ማየት ፈልጎ ነው። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠና መንገዱን በሐሳቡ ይነዳ ጀመር። ድልድዩ ጋ ምራቱ ዞር ብላ ውሃ ታቀብላለች፤ እዚያ ካስታወሱት በሃያ ደቂቃ ይመለሳሉ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ኩርባዎቹ ጋ ሻንጣ ይንሸራተታል፣ ልጁ “አባዬ፣ አለህ?” ማለቱ አይቀርም፤ እዚያ ከሆነ አርባ። አርባም አለፈ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ ምንም የሚያስታውስ ነገር የለውም።

መኪናዋ አቧራዋን አስከትላ ብቅ ስትል ሰዓቱን አየ። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አልፏል። ሄደው አርባ፣ ተመልሰው አርባ ማለት ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ እዚያ መኪና ውስጥ የጎደለ ነገር አልነበረም። በሥራ ዘመኑ አንድም ተሳፋሪ መንገድ ላይ ጥሎ የማያውቅ ሰው ነውና ነገሩ አጥንቱ ድረስ ዘለቀው። ማልቀስ አምሮት ነበር፤ ጠባቂው አጠገቡ ስለነበር ተወው።

ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ። “አባዬ፣ ይቅር በለኝ። ትንሹ አስመለሰውና ተደናግጠን ስንሮጥ፣ አንተ ከኋላ የተኛህ መስሎን...”

“እኔን አፈር ይብላኝ አባባ” አለች ምራቱ፤ እንባዋ ፊቷ ላይ ነው።

ልጁ ወደ ልጅቷ ዞረ። “አንቺስ? ‘ሙሉ ነን’ አላልሽም?”

ልጅቷ በጣቶቿ እየቆጠረች መለሰች። “ሙሉ ነበርን። አባዬ፣ እማዬ፣ ትንሹ፣ እኔ። አራት።” ቀና ብላ ሽማግሌውን አየችው። “ሾፌሩ አይቆጠርም አልከኝ እኮ።”

ሽማግሌው ነገሩ አሁን ገባው። እጁን ራሷ ላይ ጫነ። “ሾፌር ያልኩሽ መሪ የያዘውን ነው፣ የኔ እመቤት። ዛሬ ሾፌሩ አባትሽ ነው። እኔ ተሳፋሪ ነኝ።” ስለ ራሱ ይህን ቃል ሲናገር የመጀመሪያው ነበር፤ አፉን መረረው። “ረዳቴን የሚቆጣ ሰው እንዳላይ።”

ጋቢና ቢለምኑት እምቢ ብሎ መካከለኛው ወንበር ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀመጠ። ትንሹ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ “ነብሩ ወጣ?” አለ።

“ወጣ። አየሁልህ።”

ልጅቷ እያንዳንዳቸውን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። “እማዬ፣ ትንሹ፣ እኔ፣ አንተ። አራት። ሙሉ ነን።” መኪናዋ ተነሳች። ልጅቷ ግን ዳግም መሳሳት አልፈለገችም፤ አራቱን ጣቶቿን እንደዘረጋች ጥቂት አሰበችና ጠየቀች።

“ስንመለስ ግን ‘ሙሉ ነን’ የምለው ሦስት ስንሆን ነው፣ አይደል?”

ምራቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልጁ መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ። ሽማግሌው አንዳቸው “ኧረ አራት ነን” እስኪል ጠበቀ። ድልድዩን አለፉ።

“አዎ” አለ በመጨረሻ። “ስትመለሱ ሦስት ነው።”

ከዚያ አራተኛዋን ጣቷን እሱ ራሱ ቀስ አድርጎ አጠፈላት።