ገጽ አርባ አንድ

የጥንታዊት ግብፅን ባህል የሚመረምረውን መጽሔት “ዝምተኛው” ይባሉ የነበሩት መምህር መሠረቱት፤ “ባለማጉያ መነጽሯ” የተባሉት ሊቅ አጸኑት። ሁለቱም ያከበሩት ሕግ ዛሬም ከአዘጋጁ ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሏል፦ የብረት በር ያልተገጠመለት መቃብር ካርታው አይታተምም።

ሽማግሌው አራሚ በዚያ ሕግ ሥር አርባ ዓመት ቀይ እርሳስ ቀርጸዋል። ስለዚህ አዲሱ አዘጋጅ፣ የገዛ እኅታቸው ልጅ፣ ገና የተገኘ መቃብር ካርታ በገጽ አርባ አንድ ሲያኖር ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት።

“ጋሼ፣ ሁለት መቶ ሰው ገዝቶ ሃያው የሚያነበውን መጽሔት ሌባ ያነበዋል ብለው ነው?” አለ ወጣቱ እየሳቀ።

“ሌባ ካንተ ይልቅ አንብቦ ይጨርሳል። በሩ እስኪገጠም ታገሥ፤ እዚያ ያሉት አንድ ዘብ ብቻ ናቸው።”

“ካርታ ለሌለው ጥናት ማን ጆሮ ይሰጣል? እርስዎ እንደሁ ጥላዎንም ሳያርሙ አያሳልፉም!”

ካርታው ታተመ።

ዘቡ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ባትሪ ለመቆጠብ ስልካቸውን የሚከፍቱት ሰኞ ጠዋት ብቻ ነው። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ወደ ዝግጅት ክፍሉ ይደውሉና፣ “ሙታኑ ደህና ናቸው፤ ወገቡን የሚያመው እኔን ነው” ይላሉ። አራሚውም ስቀው የየሰኞውን ጥሪ በሚይዙበት መዝገብ ላይ “ደህና” ብለው ይጽፋሉ።

መጽሔቱ በወጣ በሳምንቱ፣ ዓርብ ዕለት፣ የግዢ ደብዳቤ ጎረፈ።

“አላልኩም? ሠላሳ አራት አዲስ አንባቢ!” ወጣቱ ደረቱን ነፋ።

አራሚው ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አገላበጡ። የተመራማሪ ወይም የተቋም ስም የለባቸውም። ስለ ጥናቱ የጠየቀ አንድ እንኳ አልነበረም፤ ሁሉም የሚጠይቁት የገጽ አርባ አንድ ልኬት ትክክል መሆኑን ነበር። አንዱማ ጨምሮ፣ “ስንት ዘብ አለ?” ይላል።

“ተነሥ፣ ለፖሊስ እንንገር።”

“አንባቢ በዛ ተብሎ ፖሊስ ይጠራል እንዴ፣ ጋሼ?”

አራሚው ብቻቸውን ሄዱ። “ሰኞ ሰው እንልካለን” ተባሉ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ ዝም አለ። አራት ሰዓትም አለፈ። ወጣቱ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ ራሱ ደወለ፤ ድምፁንም ለሁለታቸው እንዲሰማ ከፈተው።

“ጤና ይስጥልኝ፣ ከመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ነው። ዘቡን ፈልገን…”

ዶማ ድንጋይ ሲመታ ተሰማ። ከዚያም የማያውቁት፣ የረጋ ድምፅ መለሰ፦

“መጽሔቱ ደርሶናል። ልኬቱ ትክክል ነው፤ እግዜር ይስጥልን።”

“ዘቡስ?”

መስመሩ ተዘጋ።

አራሚው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ደውለው የሆነውን ተናገሩ። ከዚያም መዝገቡን ገለጡ፤ በዚያ ሰኞ ትይዩ የሚጽፉት ቃል ግን አጡ። መስመሩን ባዶ ተዉት።

“ይውቀሱኝ እንጂ፣ ጋሼ።”

አራሚው ቀና ብለው ከጠረጴዛው በላይ የተሰቀለውን ሕግ አዩ።

“ካርታውን ያወጣሁት ለጥናቱ ብዬ አልነበረም” አለ ወጣቱ፣ ዓይኑን ከባዶው መስመር ሳያነሣ። “ስሜ እንዲነሣ ብዬ ነው። ተሳስቻለሁ።”